የታሪክ ክበብ ዘገባ፦ አንድ ኤከር በገመድ የለካንበት ዓመት

ክበባችን ዘንድሮ የመካከለኛውን ዘመን የአውሮፓ እርሻ፣ በተለይም የእንግሊዝን የማነር (በአንድ ባላባት ሥር ያለ የእርሻ ርስትና መንደር) ኑሮ ለማጥናት ሲወስን፣ በመምህራን ማረፊያ «የፈረንጅ ባላባት እርሻ ለልጆቻችን ምን ይፈይዳል?» የሚል ጥያቄ ገጥሞኛል። ጠያቂዎቹን አልወቅስም፤ ነገር ግን ሁዳድ፣ ገባርና አሥራት የሚሉትን ቃላት ከአያቶቹ አፍ የሰማ ልጅ ይህን ታሪክ ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ እንዳላስፈለገው በዓይኔ አይቻለሁ።

በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ተሰብስበናል፤ ቃለ ጉባኤዎቹ በክበቡ መዝገብ ስለሚገኙ አልደግማቸውም።

በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ተማሪዎቹ በኖቲንግሃምሻየር የሚገኘውን የላክስተንን መንደር በትልቅ ወረቀት ሥለው ግድግዳ ላይ ሰቀሉ። ላክስተን የተመረጠው ክፍት ማሳዎቹ፣ ማለትም በአጥር ሳይከለሉ ለብዙ ገበሬዎች የተሸነሸኑት ትልልቅ ማሳዎች፣ እንዲሁም የማነር ችሎቱ እስከ ዛሬ ስለዘለቁ ነው። በሦስት ማሳ ሥርዓት አንደኛው ማሳ በመከር ወቅት ስንዴ ወይም አጃ መሰል እህል ይዘራበታል፤ ሁለተኛው በጸደይ ገብስ፣ አተርና ባቄላ ይወስዳል፤ ሦስተኛው እዳሪ ሆኖ የመንደሩ ከብት ይሰማራበታል። ቪሌን የሚባለው ገባር ድርሻው በየማሳው ተበታትኖ ቀጫጭን ሆኖ የተሸነሸነ ሲሆን፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ደግሞ የጌታውን ሁዳድ ያርሳል። በአዝመራ ጊዜ ጌታው ምግብና ጠላ አቅርቦ የሚያሠራውን ተጨማሪ ሥራ ልጆቹ «ደቦ» ብለውት ነበር፤ በደቦ ግን ባለተራው ለሌላውም ሄዶ ያጭዳል፣ የማነሩ ጌታ ግን ለገባሩ ሊያጭድ አይመጣም፤ በዚህ ላይ አንድ ሙሉ ዓርብ ተከራክረናል።

የዓመቱ ትልቅ ቀን በጥር ወር የዋለው ቅዳሜ ነው። አንድ ኤከር በተለመደ መልኩ 201 ሜትር ርዝመትና 20 ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ የኳስ ሜዳችን ስላልበቃን ከከተማው ዳር ወደሚገኘው የአንድ አባላችን አያት ማሳ በእግር ሄድን። የ20 ሜትር ገመድ በቁመት አሥር ጊዜ፣ በወርድ አንድ ጊዜ ዘረጋን። አያትየው ምልክቶቹን አይተው፣ «ይህ መሬት ነው ወይስ መንገድ? እኛ ሄደን ተመልሰን ደግሞ በአግድም እናርሳለን፤ ይሄማ በአግድም እንዴት ይታረሳል?» አሉ። የልጅ ልጃቸው፣ «አባባ፣ የእነሱ ማረሻ ከባድ ነው፤ እስከ ስምንት በሬ ይስበዋል፤ ማዞሩ ስለሚያስቸግር ሳያዞሩ ሩቅ መሄድ ይሻላቸዋል፤ አፈሩንም ስለሚገለብጥ አግድም አያስፈልገውም» ብሎ መለሰላቸው። ይህ ልጅ በክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ አያውቅም።

ከዚያም የአንድ ገባር ቤተሰብን የዓመት ምርት እንዲወክል አርባ ስኒ ስንዴ በጆንያ ላይ ደረደርን። በዚያ ዘመን አንድ ተዘርቶ አራት ከተገኘ መልካም ነበርና አሥሩን ስኒ ለዘር መለስን፣ አራቱን ለቤተ ክርስቲያን አሥራት፣ አንዱን ለጌታው ወፍጮ አወጣን፤ ሃያ አምስት ቀረ። ጌታው በገንዘብ የሚጠይቀው ግብር ገና አልተነሣም። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የቀሩትን ስኒዎች በየወሩ ስታከፋፍል ቆይታ፣ «ሐምሌ ላይስ ምን ይበላሉ?» አለች። በእንግሊዝም አዲሱ እህል እስኪደርስ ያለው የሐምሌ ሰሞን ጎተራ የሚራቆትበት እንደነበር ነገርኋቸው። አያትየውም «እዚያም ሐምሌ አለ በሉኛ!» ብለው ዝም አሉ፤ ልጆቹም ዝም አሉ። በአሥራ ሁለት ዓመት የማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ ጸጥታ ከተማሪ ዘንድ ሰምቼ አላውቅም።

ያልተሳካም አለ። የውኃ ወፍጮው ሞዴል አንድ ጊዜም አልዞረም። የላክስተን ሥዕል ጣሪያው አፍስሶበት ሁለት ማሳ አጥቷል። በ1381 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ስለተነሣው የገበሬዎች ዐመፅ የተዘጋጀው ተውኔትም ከፈተና ሳምንት ጋር ተጋጭቶ ቀርቷል። የፎቶ ኮፒውን ወጪ ማን እንደሸፈነው መግለጥ አያስፈልገኝም፤ ኳስ በየመንፈቁ በሚገዛበት ግቢ አንድ የሜትር መለኪያ ጠይቀን ዓመቱ ማለቁን ግን ሳልጽፍ አላልፍም።

በመጪው ዓመት ጥቁር ሞት የተባለው የ1348 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ ሠራተኛ ሲያሳጣ የቀን ሠራተኛው ደመወዝ እንዴት እንደጨመረ፣ በ1351 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግም ጭማሪውን ለመግታት ምን እንደሞከረ እናጠናለን። የወላጅ መምህራን ኅብረት አንድ ባለ 50 ሜትር መለኪያ፣ ጥቂት መጻሕፍትና ሥዕሉን ከዝናብ የሚያስጠልል አንድ ግድግዳ ቢሰጠን ይበቃናል። የለካንበት ገመድ የአያትየው ነው፤ በመስከረም እንመልሳለን ብለን ቃል ገብተናል።