የተቆለፈው የኮምፒውተር ክፍል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አራት ኪሎ አካባቢ የምኖር ጡረተኛ መምህር ስሆን፣ ጉዳዬም በትምህርትና በቴክኖሎጂ የኅብረተሰቡን ኑሮ ለመለወጥ የሚጥሩ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ገንዘባቸውን የሚያውሉበት መንገድ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አስተምርበት ለነበረው ትምህርት ቤት አንድ ድርጅት 20 ኮምፒውተሮች ለገሠ። በርክክቡ ዕለት ባነር ተሰቀለ፣ ንግግር ተደረገ፣ ፎቶግራፍ ተነሣን። ዕቃው በሞዴል 19፣ ማለትም በንብረት መረከቢያ ደረሰኝ፣ ገቢ ሆኖ ከተመዘገበ በኋላ ግን ክፍሉ የሚከፈተው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ሆነ። አንድ ማሽን ቢበላሽ ተጠያቂ የሚሆነው የንብረት ክፍል ሠራተኛ ቁልፉን ለሌላ ሰው ለመስጠት ፈራ፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እፈራ ነበር። የሚያስተምርና የሚጠግን ሰው በፕሮጀክቱ ውስጥ ፈጽሞ አልታሰበም።

ከሃያ ዓመት በፊት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን ፕላዝማ የምናስታውስ መምህራን ነገሩን ቀድመን አይተነዋል። ትምህርቱ ከማዕከል በእንግሊዝኛ ይሠራጭ ስለነበር ተማሪው ባይገባውም ስክሪኑ ቆሞ አይጠብቀውም፤ መምህሩም በገዛ ክፍሉ ውስጥ ቴሌቪዥን ከፍቶ የሚዘጋ ሰው ሆኖ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአንጻሩ ከፊደል ገበታ፣ ከጠመኔና ከዘማቾቹ ሌላ ይህ ነው የሚባል መሣሪያ አልነበረውም፤ ያም ሆኖ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል። ዘመኑ በሌላ ገጹ ምን ያህል መራራ እንደነበር አልዘነጋም፤ እናቶቻችን ስማቸውን መጻፍ የቻሉት ግን አጠገባቸው ተቀምጦ እጃቸውን የሚይዝ ሰው ስለነበራቸው ነው።

ዛሬ ጉዳዩ የሚያቻኩል ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ፈተናው በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። የኮምፒውተር ክፍሉ ተቆልፎበት የከረመ ልጅ ማውዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨብጠው በፈተናው ዕለት ሊሆን ነው ማለት ነው።

ድርጅቶቹ ለባለሙያ ደመወዝ መመደብ ሕጉ እንደሚያግዳቸው ሲናገሩ በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። ይህ በቀድሞው አዋጅ ዘመን፣ ከወጪያቸው ቢያንስ 70 በመቶው ለዓላማው ሥራ፣ ቢበዛ 30 በመቶው ለአስተዳደር እንዲውል ባዘዘው የ70/30 መመሪያ ምክንያት፣ ብዙ እውነት ነበረበት። እሱን የተካው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ግን የአስተዳደር ወጪን በ20 በመቶ ቢገድብም፣ በቀጥታ ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር የተያያዘን ወጪ ከአስተዳደር ወጪ አይቆጥርም። ስለዚህ 20 ኮምፒውተር መግዛት የሚችል ድርጅት 12 ገዝቶ በቀሪው ገንዘብ አንድ አሠልጣኝ ቢቀጥር የሚከለክለው የለም። ኢንተርኔት ውድ ነው የሚለውም ምክንያት መፍትሔ አለው፤ ኪዊክስን የመሰሉ ነፃ ሶፍትዌሮች ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላሉ። ለለጋሾች በሚቀርበው ሪፖርት ላይም ከተከፋፈሉት ዕቃዎች ብዛት ይልቅ ክፍሉ በሳምንት ስንት ሰዓት ክፍት እንደነበር ቢጻፍ ሥራው በትክክል ይታይ ነበር።

እኔና ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ ክፍል በነፃ ለማስተማር ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ አመልክተናል። መልሱን እየጠበቅን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ መምህር፣ ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ