የአሮጌ መኪና ቀለም ከመፋቁ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የደሴ ነዋሪ ነኝ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ወር ቧንቧ ውሃ አካባቢ ያየኋት አንዲት ፔጆ 404 ናት።

ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት መኪና ናት። ክሬም ነበረች። አሁን ነጭ ሆናለች፤ እንደ ፍሪጅ ያለ ነጭ። የበሮቿ ጎማ ላይ ቀለም ተረጭቷል። የመስኮቶቹን ኒኬል ጠርዝም ነካክቶታል። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሰላም አልኳቸው። «አሳደስኳት እኮ ልጄ» አሉኝ፤ ፊታቸው በርቶ። እንኳን ደስ ያለዎት ብዬ አለፍኩ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን አልዋጥልህ አለኝ። የዚያች መኪና ቀለም እኮ አልሞተም ነበር። ደብዝዞ ነው። አሁን አንዴ ተፍቋል፤ የሚመልሰው የለም።

የሞተውንና የደበዘዘውን ለይቼ የማወራው ከራሴ መኪና ስለተማርኩ ነው።

የእኛ ቮልስዋገን ቀይ ናት። በፈረንጆቹ 1967 የተሠራች። አባዬ በ1963 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከሰው እጅ ገዝቶ፣ የሐረጎን ዳገት አስወጥቶ ደሴ አስገባት። ፒያሳ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። እሁድ እሁድ ጠዋት ራሱ ያጥባት ነበር፤ ላቫጆ አስገብቷት አያውቅም። ባልዲ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙናና ያረጀ ጋቢ። ጋቢው ላይ ያለውን ጥለት እናቴ በመቀስ ትቆርጥለታለች፤ «ጥለቱ ይጭራል» ይላል። ያኔ ነገሬ አላልኩትም። ዛሬ የመኪና ቀለም ስለመንከባከብ የማውቀው ግማሹ ከዚያ ጋቢ የመጣ ነው።

አባዬ ካለፈ በኋላ እንደሱ የሚንከባከባት ጠፋ። እኔም ሥራ በዛብኝና ላቫጆ እየላክኋት ከረምኩ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ ወጣ። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቀረች። ስንመለስ አገኘናት፤ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ በኋላም ባትሪና ጎማ እስክናገኝላት ብዙ ጊዜ ቆማለች። ሸራው ግን ጎድቷታል። ከሥሩ እርጥበት አምቋል። ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥርም ውስጥ የገባውን አቧራ ቀለሙ ላይ ሲፈትግ ከርሟል። ስገልጠው ቀይዋ መኪና ሮዝ ሆና ጠበቀችኝ። ኮፈኗን በጣቴ ስነካው የጠመኔ ዱቄት የመሰለ ነገር ተከተለኝ።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ በጥፍሩ ጫር አደረጋትና «ይሄ አልቆለታል፤ ሙሉ በሙሉ ተፍቆ ይረጭ» አለኝ። ቀጠሮ ያዝኩ። ቀብድ ከፈልኩ።

ከቀጠሮው በፊት የአባዬ ወዳጅ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቡና ሊጠጡ ቤት መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀለም ሲረጩ የኖሩ ሰው ናቸው። ከቶናው በኋላ ተነሥተው መኪናዋን ዞሯት። ምንም አላሉም። ቆይተው «ካቻቢቴ አለሽ?» አሉኝ። ሰጠኋቸው። የኋላውን ታርጋ ፈቱት።

ከታርጋው ሥር የነበረውን ቀለም አልረሳውም። ከዳር እስከ ዳር የታርጋውን ቅርጽ የያዘ፣ ጥልቅ፣ እንደ ዛላ በርበሬ ያለ ቀይ። ፀሐይ አላየውም። ላቫጆ አልነካውም። ዙሪያው ሮዝ ነው፣ መሃሉ ቀይ። «የመኪናሽ ቀለም ይኸውልሽ» አሉኝ። «ከላይ ያለው ቅርፊቱ ነው። አብሽሪ፤ ይመለሳል።»

ቀብዱን ትቼ ቀጠሮውን ሰረዝኩ።

እዚህ ላይ ትምህርቴን ልጥቀስ። የመኪና ቀለም ሁለት ዋና ነገር አለው፤ ቀለም የሚሰጠው ዱቄትና ዱቄቱን አንድ ላይ የሚይዘው ማጣበቂያ። በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለው አልትራቫዮሌት ጨረር ማጣበቂያውን ከላይ ከላይ ይሰባብረዋል። ያኔ ዱቄቱ ባለቤት ያጣል፤ በጣት ሲነኩት ይነሣል። ደሴ ብርድ ናት፣ ጦሳ ተራራ ላይ ጉሙ አይጠፋም፣ ፀሐይ ምን ያደርጋታል የሚል ሰው ብዙ ነው። ጨረሩ ግን ከሙቀት ጋር አይሄድም፤ ከከፍታ ጋር ነው የሚሄደው። 1,000 ሜትር ሽቅብ በወጣን ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። እኛ ያለነው ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ብርድ እያንቀጠቀጠን እንኳ የመኪናችን ጣሪያ እየተቃጠለ ነው።

ሌላው ነገር የዘመኑ ልዩነት ነው። አሁን ያሉት መኪኖች ከቀለሙ በላይ ክሊር የሚባል መስታወት የመሰለ ሽፋን አላቸው። እሱ የተስፋፋው በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት እንደ ቮልሷና እንደ ፔጆዋ ያሉት በአብዛኛው ክሊር የላቸውም፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቀለም ነው። መልካሙ ነገር ይሄ ነው። ክሊር አንዴ መላጥ ከጀመረ በፖሊሽ አይድንም። የድሮው ቀለም ግን የሞተው ከላይ ያለው ስስ ንጣፍ ከተነሣ ከሥሩ ያው ቀለም ሕያው ሆኖ ይጠብቃል። ግን ወፍራም አይደለም። ከፋብሪካ የወጣ ቀለም ሁሉም ንጣፉ ተደምሮ የአንድ ወረቀት ውፍረት ቢሆን ነው። ስለዚህ እንደ ባንክ ደብተር ነው፤ በወጣ ቁጥር ይጎድላል።

ሥራውን የሠራነው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ እሳቸው ወንበር ላይ ሆነው እየመሩኝ፣ እኔ በእጄ። መጀመሪያ እጥበት። ሁለት ባልዲ፤ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ ጨርቁ የሚለቀለቅበት ንጹሕ ውሃ። አቧራው ተመልሶ ቀለሙ ላይ እንዳይወጣ ነው። ከጣሪያ ወደ ታች፤ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ላሜራው ሳይሞቅ። ከዚያ የታጠበውን በመዳፌ ዳሰስኩት። ንጹሕ መስሎኝ የነበረው ቦታ እንደ ደረቅ ቂጣ ይሻክራል። አዲስ አበባ ያለ የእህቴ ልጅ እንደ ሊጥ የሚታሽ ለዚሁ የተሠራ ጭቃ ላከልኝ። ሳሙና እያራስኩ ሳንሸራትተው የተጣበቀውን ቆሻሻ ሁሉ ለቅሞ ጠቆረ። ሽማግሌው አንድ ጊዜ ከእጄ ሲወድቅ አይተው «ጣይው» አሉኝ። አሳዘነኝ፤ ውድ ነው። ግን አንድ የአሸዋ ቅንጣት ይዞ ከተነሣ ኮፈኑን ሙሉ ይቦጫጭራል። ጣልኩት።

ቀጥሎ ፖሊሹን ኮፈኑ ላይ መዳፍ በምታህል ቦታ ብቻ ሞከርን። ይሄን ሕግ አድርጋችሁ ያዙልኝ፤ ሙሉ መኪና ላይ ከመውጣት በፊት አንድ መዳፍ። ኮምፓውንድ የሚባለውን ሸካራ ፖሊሽ ለመግዛት ገንዘብ ይዤ ነበር፤ ከለከሉኝ። «ከልስላሴ ጀምሪ። ካልበቃ ትጨምሪያለሽ። ከበዛ ግን የምትመልሽው የለም።» በመጀመሪያ ዘይት የበዛበትን ለስላሳ ፖሊሽ ቀብተን አሳደርነው። የደረቀው ቀለም ዘይቱን ይጠጣል፤ ሌት ተቀን ጠምቶት እንደከረመ መሬት። በማግሥቱ ነጭ የጥጥ ጨርቅ አንሥቼ ክብ እየሠራሁ አሸት አሸት አደረግኩት።

ጨርቁን ገልበጥ ሳደርገው ደም መሰለኝ። ደነገጥኩ። ቀለሙ በሙሉ እየተነሣ ነው ብዬ ቆምኩ። «የሞተው ነው የሚወጣው፤ ቀጥይ» አሉኝ። ጨርቅ ቀየርኩ፣ ቀጠልኩ። አራተኛው ጨርቅ ላይ ቀዩ ቀነሰ። አምስተኛው ሮዝ ብቻ ነካው። ኮፈኑ ላይ ያችን መዳፍ የምታህል ቦታ ጎንበስ ብዬ ሳያት የራሴን ሻሽ ጥለት አየሁበት። ከአባዬ በኋላ መጀመሪያ ጊዜ ነው ያ መኪና መልኬን ያሳየኝ። እናቴን ጠራኋት። መጥታ አየች። ዱዓ አደረገችለት፤ እሷም እንባዋ መጣ።

መኪናዋን በሙሉ ለመጨረስ ሰባት ቅዳሜ ፈጀብን። ማሽን አልተጠቀምንም። ማሽን መጥፎ ነው ለማለት አይደለም፤ የሚያውቀው እጅ ከያዘው ድካም ይቀንሳል። ግን አንድ ጎረቤቴ የፊያት መኪናውን ኮፈን በሚሽከረከር ማሽን አስፖልሾ ጠርዙ ላይ እስከ ሥሩ ድረስ ተቃጥሎበታል። ጠርዝና ጉብታ ላይ ቀለም ሁልጊዜ ስስ ነው፤ ግፊቱ ደግሞ እዚያ ይበረታል። ሽማግሌው ጠርዞቹን ሁሉ በወረቀት ፕላስተር አስሸፍነውኝ፣ መጨረሻ ላይ ፈተን በጣት ብቻ ነካ ነካ አደረግናቸው። በመጨረሻ ሰም ቀባን። በማግሥቱ የጠዋቱ ጤዛ ኮፈኑ ላይ ክብ ክብ ሆኖ ቆሞ አገኘሁት። ከዚያ በፊት ውሃ ሲነካው እንደ ጨርቅ ይመጥጥ ነበር።

ሁሉም ቦታ አልዳነም። ሐረጎ ላይ ድንጋይ የፈነጠረባቸው ነጠብጣቦች አሉ። እነሱን ከዝገት ለመጠበቅ ብቻ ነካ አድርገን ተውናቸው። የአባዬ መንገድ ናቸው፤ እንዲጠፉም አልፈልግም።

ሁሉም አሮጌ መኪና አይረጭ እያልኩ አይደለም። ላሜራው በዝገት ከተበላ ወይ ቀለሙ እስከ ሥሩ ከጠፋ መረጨቱ ግድ ነው። ቮልስ ያላችሁ ደግሞ ከቀለሙ በፊት የኋላ ወንበሩን አንሥታችሁ ከባትሪው ሥር ያለውን ወለል እዩ። ፓራፋንጎው፣ ማለትም የጎማው መከለያ ላሜራ፣ ከቦዲው ጋር የሚገናኝበትን ጎማም ተመልከቱ። ዝገቱ እዚያ ተደብቆ ላዩን መቀባት ገንዘብ ማቃጠል ነው። እኔ ይሄን በገንዘቤ ተምሬዋለሁ። በ1998 ዓ.ም. ጋሪ የግራ የፊት ፓራፋንጎዋን ገጨብኝ። የሠሩልኝ ሰዎች ላሜራውን ሳያቃኑ በስቱኮ ሞልተው ረጩት። ሲወጣ ያምር ነበር። ሁለት ክረምት ሳይሞላው እንደ እንጀራ ዓይን አወጣ፤ ከዚያ ተላጠ። ዛሬ መኪናዋ በሙሉ ስታበራ እሱ ብቻ ለብቻው ቆሟል።

ለላቫጆ ልጆችም አንድ ነገር ልበል፤ እንጀራችሁ ነውና በክፉ እንዳታዩብኝ። የልብስ ኦሞ ቅባት እንዲያወጣ ነው የተሠራው። የድሮ ቀለምን በሕይወት የሚያቆየውን ቅባትና ሰምም አብሮ ያወጣዋል። መሬት የወደቀ ስፖንጅ ደግሞ የብርጭቆ ወረቀት በሉት። እንዲያብረቀርቅ ተብሎ ናፍጣ በነካ ጨርቅ ማበስም አለ። ለአንድ ቀን ያበራል፤ በሚቀጥለው ቀን የከተማውን አቧራ በሙሉ ይሰበስባል። የሚሸጥ ሳሙና አለ፤ የመኪና ተብሎ የተሠራ። ደንበኛው ትንሽ ቢጨምርላችሁ አይከፋውም፤ ምክንያቱን ንገሩት።

ባለመኪኖችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ጋራዥ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ታርጋውን ፍቱ። ካቻቢቴና አምስት ደቂቃ ነው። የቮልስ ዕቃ ከተፈለገ ይገኛል፤ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው በፈረንጆቹ 2003 ነው። ሞተሩም በሩም ይቀየራል። ፋብሪካው የቀባው ቀለም ግን ለእያንዳንዷ መኪና አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተቀባው።

እንግዲህ የእኔ ጉዳይ የቀረው ያ የግራ ፓራፋንጎ ነው። የቮልስ ፓራፋንጎ በብሎን የታሰረ ስለሆነ ፈትቶ መቀየር ይቻላል። ከኮምቦልቻም ይሁን ከወልዲያ፣ ከዚያው ዘመን ቮልስ ላይ የተፈታ፣ ስቱኮ ያልነካው፣ ቀይ የግራ የፊት ፓራፋንጎ ቤቱ ያስቀመጠ አንባቢ ካለ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ያሳውቀኝ። ደብዝዞ ሮዝ ቢሆንም ግድ የለም።

አንዲት የኬሚስትሪ መምህርት
ከደሴ