ቃል መቀያየር ብቻውን አያድንም

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ታናሽ ወንድሜ ከሚማርበት ሩቅ ዩኒቨርሲቲ መጥቶ፣ ማታ በብርዱ ጋቢ ተከናንበን የመመረቂያ ጽሑፉን አሳየኝ። «ይህን ማን ነው ያለው?» አልኩት። ዝም አለ። ከቆየ ጥናት ገልብጦ ቃላቱን ቀያይሮታል፤ አንድ ቦታ ላይ እንዲያውም የሌላ ወረዳ ስም ሳይሰረዝ ቀርቷል። ቃሉ ቢቀየርም ሐሳቡ የሰው ነው፣ ምንጩ መጠቀስ አለበት። ግን እሱን ብቻ መውቀስ አልቻልኩም፣ ምክንያቱም በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ምንጭ እንዴት እንደሚጠቀስ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያሳየው ሰው የለም፣ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተናም መልስ ያስመርጣል እንጂ አያጽፍም። እባካችሁ መምህራን፣ ረቂቁን ገና ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምራችሁ አንብቡላቸው። እኛ ያን ሌሊት እንደ አዲስ ጀምረነዋል።