ስለ ኤልፍና ድዋርፍ እኩልነት ለጻፋችሁት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ባለፈው እትማችሁ የወጣቶች ዓምድ ላይ ስለ ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ የተረት ገጸ ባሕርይ ሆኖ ዳይስ እየጣለ ስለሚጫወተው ጨዋታ፣ የወጣውን ጽሑፍ አነበብሁት። ጸሐፊው እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው አዲሱ የተጫዋቾች መመሪያ እንደ ኤልፍና ድዋርፍ ያሉትን የገጸ ባሕርያት ዘሮች ሁሉ እኩል በማድረጉ ጨዋታው ውሃ ውሃ ማለት ጀምሯል ይላሉ። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ልጄንና ጓደኞቿን ቤቴ ሰብስቤ ይህንኑ ጨዋታ ተራኪና ዳኛ ሆኜ እመራለሁ። ጸሐፊው የተቆጡበት ለውጥ ለቁጣ የሚበቃ አልመሰለኝም፤ ሊቆጡበት የሚገባውን ግን ሳያነሡት አልፈዋል።

ከዚህ በፊት በነበረው የ2014ቱ መጽሐፍ ከሰውና ከጡንቸኛው ኦርክ የሚወለደው ግማሽ ኦርክ ጉልበቱ ላይ 2 ነጥብ ይጨመርለታል፤ ድንክዬው ኖም አይጨመርለትም። ሁለቱም ተዋጊ ሆነው ከ15 ቢነሡ አንዱ 17፣ ሌላው 15 ይዞ ይሰለፋል። የ2 ነጥቡ ልዩነት ሲሰላ ግን ምት ማግኘት አለማግኘቱ በሚወሰንበት ባለ 20 ገጽ ዳይስ ላይ የሚጨምረው 1 ብቻ ነው፤ ከ20 ምት የአንዱ ዕጣ በዚያ ይወሰናል፣ ሲያገኝም ጉዳቱ በ1 ይበልጣል። ለዚህች 5 በመቶ ተብሎ ነው “ኖም ተዋጊ አይሆንም” ሲባል የኖረው። አዲሱ መጽሐፍ ነጥቡን ከዘር አላቅቆ ገጸ ባሕርዩ ካደገበት ኑሮ ጋር አያያዘው፤ ገበሬ ነበር፣ ወታደር ነበር፣ መርከበኛ ነበር እያለ። ደግ አደረገ።

የጥንቱ ሚዛን ይሻል ነበር የሚል ካለ ወደ 1974 ይመለስ። የጨዋታው ፈጣሪዎች ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ባወጡት የመጀመሪያው ሕግ ድዋርፍ ከ6ኛ፣ ቁመተ አጭሩ ሃፍሊንግ ከ4ኛ ደረጃ በላይ ማደግ አይችልም ነበር፤ ሰው ብቻ ወሰን አልነበረበትም። ድዋርፉ በዘሩ የሚያገኘውን ጥቅም ዛሬ በልቶ ዕዳውን ወደፊት እንዲከፍል ማለት ነው። ጨዋታው ግን ብዙውን ጊዜ ዕዳው ሳይደርስ ይበተናል፤ ከደረሰም ጓደኞቹ እያደጉ እሱ ባለበት ይረግጣል። ይህ ደንብ በ2000 በወጣው ሦስተኛ ዕትም ሲሰረዝ ያለቀሰለት ሰው አላውቅም።

ጸሐፊው ተጫዋች የሚመርጠው ብርቱውን ዘር ነው ብለዋል። እስኪ ዘንዶ መሰሉን ድራጎንቦርንን ይመልከቱት። በ2014ቱ ሕግ እሳት ለመትፋት ሙሉ የጥቃት ተራውን ይሠዋል፤ አንዴ ከተፋ ዕረፍት እስኪያገኝ ይጠብቃል፤ በጨለማም አያይም። በስሌት የሚያዋጣ አልነበረም። እኔ ቤት አዲስ ልጅ መጥቶ ሥዕሎቹን ሲያገላብጥ ግን ጣቱ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው። ቀንድና ጅራት ያለው ቲፍሊንግም እንዲሁ ነው። አንዲት እናት ቅዳሴ እንደወጣን ጠርተውኝ ልጃቸው ስለ ምን ቀንዳም እንደሆነ ጠይቀውኛል። ቀንዳሙ ከቡድኑ ሁሉ የሰው ገንዘብ የማይነካ እሱ ብቻ መሆኑን ስነግራቸው ፈገግ አሉ፤ ማመናቸውን እንጃ። በሌላ በኩል በ2017 ከጨዋታው የኮምፒውተር አገልግሎት፣ ከዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ፣ ተወስዶ የታተመው አኃዝ ከዘርና ከሙያ ጥምረቶች ሁሉ አንደኛ የወጣው ሰው የሆነ ተዋጊ መሆኑን አሳይቷል። ያ ሁሉ ክንፍና ቀንድ ተደርድሮለት ሰይፍ የያዘ ሰው መሆን የፈለገው ይበዛል።

ሚዛኑ በእውነት የሚዛባው የጨዋታ መሪውን እንቅፋት ከናካቴው በሚያጠፉ ችሎታዎች ነው። በ2015 የወጣው ወፍ መሰሉ አራኮክራ ከ1ኛ ደረጃ ጀምሮ በአንድ ተራ 15 ሜትር ያህል ይበርር ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ያሰብሁበትን ገደል ቀስት ይዞ ከላይ እየሳቀ ያልፈዋል። በይፋ በሚዘጋጁ የጨዋታ መርሐ ግብሮች ሳይቀር ታግዶ ነበር፤ እኔም አግጄዋለሁ።

የጨለማ እይታ ደግሞ ከበረራ ይብሳል፤ አብዛኛው ዘር ስላለው ማንም ልብ አይለውም። በአዲሱ መጽሐፍ ካሉት 10 ዘሮች ይህ የተነፈጋቸው ሰው፣ ሃፍሊንግና ግዙፉ ጎልያት ብቻ ናቸው። ባለፈው ወር ልጆቹ የተተወ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ገቡ። ድዋርፏ፣ ሁለቱ ኤልፎች፣ ቲፍሊንጉና ግማሽ ኤልፏ ያያሉ። ሰው የሆነው ልጅ ችቦ ሲለኩስ “አጥፋው፣ ታስበላናለህ!” ብለው ተረባረቡበት፤ አጠፋና የድዋርፏን ቀበቶ ይዞ ተከተለ። አብዛኛው ጨዋታ መሪ እዚህ ላይ ዝም ይላል። ሕጉ ግን ዝም አይልም፦ በድቅድቅ ጨለማ ባለ ጨለማ እይታው የሚያየው እንደ ድንግዝግዝ ነው፤ ቀለም አይለይም፤ በዓይን የሚሆን የማስተዋል ፈተና ሲገጥመው ዳይሱን ሁለቴ ጥሎ ዝቅተኛውን ይወስዳል። አስጣልኋቸው። ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብላ የተወጠረችውን ቀጭን ገመድ አምስቱም አላዩዋትም፤ ጣሪያው ወረደባቸው። አቧራው ሳይበርድ “ችቦውን አምጣ!” ያለችው ድዋርፏ ናት። መጽሐፉ ሚዛኑን ጽፎታል፤ ያጎደልነው ሳናነብ የምንመራ ሰዎች ነን።

አንድ ቅሬታ ግን ከጸሐፊው ጋር እጋራለሁ። አዲሱ መጽሐፍ ግማሽ ኤልፍንና ግማሽ ኦርክን ከዝርዝሩ አውጥቷል። ግማሽ ኤልፍ በ2014ቱ ሕግ ከብርቱዎቹ አንዱ ስለነበር የሚወደደው ለነጥቡ ነው ሲባል እኔም ዝም እል ነበር። ግማሽ ኤልፍ የምትጫወተው ልጅ አባቷ ጎንደሬ፣ እናቷ ኤል ሳልቫዶራዊት ናቸው። ነጥቡ ከዘር መላቀቁን ነግሬ ሙሉ ኤልፍ ብትሆን ምንም እንደማይቀርባት ባስረዳት “አውቃለሁ፣ ግን እሷ ኤልፍ አይደለችም” አለችኝና ወረቀቷን ወደ ራሷ ሳበች።

በመጨረሻ እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ። ጽሑፉ “ግማሽ ኤልፍ ከእንግዲህ ክልክል ነው” ይላል፤ አይደለም። በአዲሱ መጽሐፍ ያልተካተቱ ዘሮች ከ2014ቱ ተወስደው መጫወት ይቻላል፤ የሚያስፈልገው የጨዋታ መሪው ፈቃድ ነው። ጽሑፉን አንብባ ቅዳሜ ዕለት ወረቀቷን ልትቀድ የነበረችው ይህችው ልጅ ናት።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ