ፋኒ ሜይና ፍሬዲ ማክ ሲለቀቁ የመበደር ጣሪያቸውስ?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

የቤት ብድር ከባንኮች የሚገዙት ሁለቱ የአሜሪካ ድርጅቶች፣ ፋኒ ሜይና ፍሬዲ ማክ፣ ከመንግሥት ሞግዚትነት ይውጡ የሚለው ወሬ እንደገና ደርቷል። እኛ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን አበሾች ግን የዎል ስትሪት ጣጣ ነው ብለን አልፈነዋል። የእኔ የቤት ብድር ባለቤት ፍሬዲ ማክ ነው። ይህን ያወቅኩት ቤቱን ከገዛሁ ከዓመታት በኋላ ነው። በየወሩ የምከፍለው ድርጅት ለካ ሰብሳቢ ብቻ ኖሯል።

ሁለቱ ድርጅቶች ከባንኮች የቤት ብድር ይገዛሉ። ባንኩም ገንዘቡ ተመልሶለት ለሌላ ሰው ያበድራል። ወለዱ ለ30 ዓመት የማይለወጥ ብድር እንደ ልብ የሚገኘውም በአብዛኛው በዚህ ነው። ይህ ሥራቸው እኔንም ጠቅሞኛል። የሚያስፈራኝ ሌላው ነው። ራሳቸው ቦንድ ሸጠው እየተበደሩ፣ በዚያ ገንዘብ የቤት ብድር ገዝተው ያከማቹ ነበር። ቦንዱ ላይ የአሜሪካ መንግሥት ዋስ እንዳልሆነ ተጽፏል። ገዢው ግን መንግሥት አይጥላቸውም ብሎ ስለሚያምን በርካሽ ወለድ ያበድራቸዋል። ሕጉ ደግሞ በእጃቸው ላለ ለእያንዳንዱ 100 ዶላር ንብረት 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም የራሳቸው ካፒታል ይበቃል ይል ነበር። የቀረው በብድር ነው። የእኛ ዕቁብ ዳኛ እንኳ ዋስ ሳያይ ዕጣ አያወጣም።

ብድራቸውን የሚገድብ ሥልጣን ጠፍቶ አይደለም። መቋቋሚያ ሕጋቸው ቦንድ የሚያወጡት በአሜሪካ ግምጃ ቤት (ትሬዠሪ) ኃላፊው ፈቃድ እንደሆነ ይናገራል። ከ2008ቱ የቤት ብድር ቀውስ በፊት ግን ይህች «ፈቃድ» የምትል ቃል አከራከረች። መጠኑንም መገደብ ይቻላል የሚሉ ነበሩ። የለም፣ የሚሸጡበትን ጊዜ ለማስተካከል ብቻ ነው የሚሉም ነበሩ። ይህ ሳይለይለት ሴፕቴምበር 2008 ደረሰና መንግሥት ሁለቱንም ተረከበ። በዱሮው ሕግ ግምጃ ቤት ለእያንዳንዳቸው እንዲያበድር የተፈቀደለት 2.25 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ለሁለቱ የወጣው ግን 190 ቢሊዮን አለፈ። በኋላ ከዚያ የበለጠ ለግምጃ ቤት ገቢ ማድረጋቸውን አውቃለሁ። ያኔ ቤቱን ላጣ ሰው ግን ምኑም አይደለም። በ2009 ቤቱ ሲወረስበት የጎረቤቴ በር ላይ የተንጠለጠለችው የቁልፍ ሳጥን ዛሬም ዓይኔ ላይ አለች። የልጆቹ ብስክሌት በረንዳው ላይ እንደቆመ ነበር። ጥፋቱ የሁለቱ ድርጅቶች ብቻ ነው አልልም፤ ብዙ እጅ አለበት።

አሁን ጣሪያ አለ። እያንዳንዳቸው ሊያከማቹ የሚችሉት የቤት ብድር ከ225 ቢሊዮን ዶላር አይበልጥም፤ የዕዳቸው ጣሪያም ከዚሁ ቁጥር ጋር ተያይዞ ይሰላል። ይሁንና ቁጥሩ የተቀመጠው ከግምጃ ቤት ጋር በተደረገ ውል ነው። ውል ደግሞ ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ ይቀየራል። ይኸኛው ከ2008 ወዲህ ስንቴ ተሻሽሏል! በ2008 በወጣው ሕግ የተቋቋመው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ክምችታቸውን የመገደብ ሥልጣን አለው፤ ነገር ግን ልኩ ለኃላፊው ውሳኔ የተተወ ነው። ኃላፊ ሲቀየር ልኩም ሊቀየር ይችላል።

ስለዚህ ከመለቀቃቸው በፊት ኮንግረስ የመበደር ጣሪያውን በሕግ ይጻፈው። የግምጃ ቤቱ ፈቃድ መጠኑንም እንደሚጨምር በግልጽ ይቀመጥ። ፈቃድ በተሰጠ ቁጥርም ምን ያህል እንደተፈቀደ ሕዝብ እንዲያየው ይውጣ። እኔ ለኮንግረስ ተወካዬ ይህንኑ ጽፌያለሁ። ቤት ያላችሁም፣ ለመግዛት የምትቆጥቡም ጻፉ።

አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ