ስፓኒሽ ለ11ኛ እና ለ12ኛ ክፍል

ስለ ውጭ ቋንቋ ትምህርት ባወጣችሁት ጽሑፍ ስፓኒሽ መዘለሉ አልተዋጠልኝም። በሰሜን ሸዋ ለ11ኛ እና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በምርጫ ቢሰጥ እላለሁ።

«እንግሊዝኛው መቼ ገባቸውና!» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። ግን ስፓኒሽ ለአማርኛ ተናጋሪ ያን ያህል አይከብድም። አናባቢዎቹ አምስት ናቸው፤ ቃሉም በአብዛኛው እንደተጻፈ ይነበባል። ግሱ እንደኛው ባለቤቱን ይዞ ስለሚረባ «እኔ»፣ «እሷ» ማለት ሁልጊዜ አያስፈልግም። «ኘ» እንኳ በስፓኒሽ የራሷ ፊደል (ñ) አላት!

ጥቅሙስ? የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስፓኒሽ ደግሞ ከኅብረቱ ይፋዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው።

መምህር ከየት ይምጣ ለሚለው መልስ አለ። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ፣ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ስፓኒሽ ወደሚነገርባት ኩባ ሄደው ተምረዋል። ቋንቋውን ከነባህሉ ያውቁታል፤ ዛሬ ግን ብዙዎቹ ጡረታ ደጃፍ ላይ ናቸው። የአካባቢው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በዙሪያችን ያሉትን ፈልጎ ይመዝግብ። በደብረ ብርሃን አንድ ትምህርት ቤትም ከክፍል ሰዓት ውጪ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በክበብ መልክ ይጀመር።

አንድ አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን