ዘጠነኛው ጎዳና ባዶ አልነበረም

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ዋሽንግተን ዲሲዋ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ያወጣችሁትን ዘገባ እንደ ብዙ አንባቢ እኔም አይቼዋለሁ። ሬስቶራንቶቹ ደምቀዋል፣ ክትፎውም ያስጎመጃል። አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ወገኖቻችን ዘጠነኛው ጎዳና ሲደርሱ ሰፈሩ ባዶ ነበር ይላል። እነሱ ናቸው አሉ ሰው ያደረጉት።

የባለቤቴ ቤተሰብ እኮ እዚያ ነበር። ባለቤቴ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ተወልዶ ያደገው ዘጠነኛው ጎዳና በሚያልፍበት በሻው ሰፈር ነው። አማቴ እስከ ዛሬ ከዚያ ጎዳና ብዙ ሳይርቁ ይኖራሉ። ለጋዜጠኛችሁ አልታዩትም ማለት ነው። ያወጣችሁት ፎቶ ላይ እንኳ ከሬስቶራንቱ ጎን ካለው ጸጉር ቤት ደጃፍ ወንበር አውጥተው የተቀመጡ ሽማግሌ አሉ። ከሥሩ «አንድ መንገደኛ» ተብሎ ተጽፏል። መንገደኛ ወንበር ተሸክሞ ይዞራል?

ዘጠነኛውን ጎዳና የሚያቋርጠው ዩ ስትሪት የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት ሰፈር ነው። በኒውዮርኩ የቲያትር ጎዳና ስም የጥቁሮች ብሮድዌይ ይባል ነበር። በኤፕሪል 1968 (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ ማታ ቁጣው የገነፈለው አሥራ አራተኛውና ዩ ስትሪት ጥግ ላይ ነው። አማቴ በዚያ ሰሞን ልጆቻቸውን ጫማ እንዳጠለቁ ያስተኙ እንደነበር ይናገራሉ። ሱቁ ተቃጠለ፣ ገንዘብ ያለው ሸሸ። በሰማንያዎቹ ደግሞ ለሜትሮ ባቡር ተብሎ መንገዱ ተቆፍሮ ከረመ። ጣቢያው በ1991 ሲከፈት ብዙ ነጋዴ ከስሮ ዘግቷል። ኪራዩ የረከሰው ለዚህ ነው። የኛ ሰዎች ቀድሞ የሰፈሩበት አዳምስ ሞርጋን የሚባለው የዲሲ ሰፈር ሲወደድባቸው ወደዚያ የወረዱትም ለዚሁ ነው።

እንግዲህ በ2005 ነጋዴዎቻችን መንገዱ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባልልን ሲሉ ነዋሪው ለምን እንደተቆጣ ለመረዳት ምርምር ይጠይቃል? ዘገባችሁ ግን «በቅናት ነው» ብሎ ዘጋው። ተገላገልን!

በጥቁር አሜሪካውያኑ በኩልም ጉድ አለ፤ አልሸፋፍንም። የባለቤቴ አጎት መንግሥት ለኢትዮጵያውያን ገንዘብ ይሰጣል፣ ሰባት ዓመትም ታክስ አያስከፍልም ብለው ያምናሉ። ገንዘቡ የዕቁብ ነው ብላቸው ይስቁብኛል። ግን አስቡት። አባታቸውን ባንክ ጥቁር ስለሆኑ ብቻ ብድር ከልክሏቸዋል። ትናንት የመጣ ሰው ሱቅ ሲከፍት ሲያዩ ምን ብለው ይገምቱ? ልጄን ትምህርት ቤት ውስጥ «ወደ አፍሪካህ ሂድ» እያሉ ያስለቀሱትም ጥቁር ልጆች ናቸው። አልረሳሁትም።

የኛ ግን ይብሳል፤ ሚዲያችን አይነካውማ። ከባለቤቴ ጋር ታክሲ ስንፈልግ እሱ እጁን ሲያነሳ የኛ ሹፌሮች ያልፉታል። እኔ ሳነሳ አንዱ ሲጥ አድርጎ ይቆማል። «ግቢ እህቴ» ይለኛል። ባለቤቴ ጠጋ ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከዚህ ጋር ነሽ እንዴ?» ሹፌሮች ተዘርፈዋል፣ የተገደሉም አሉ። ፍርሃቱ ይገባኛል። አማቴ ምርኩዝ ይዘው ሐኪም ቤት ደጃፍ ቆመው ሲታለፉ ግን ምን ተፈርቶ ነው? በምርኩዙ እንዳይዘርፉ? ከሠርጌ ማግሥት አክስቴ ከአዲስ አበባ ደውላ ያለችኝን ደግሞ እዚህ አልደግመውም። ከባርነት ዘመን የተረፈችውን ያቺን ስድብ አንባቢ ያውቃታል።

ከአገር ስንወጣ እነሱን የምናውቃቸው በፊልም ነው፤ ሽጉጥና ዕፅ። እዚህ ስንደርስ አሠሪው «እናንተ እንደነሱ አይደላችሁም» ይለናል። ሜዳሊያ እንደተሸለመ ሰው ደረታችንን ነፍተን ቤታችን እንገባለን። ዲቪ ቢያንስ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ወይም ሙያ ያለው ሰው እየለየ እንዳመጣን ትዝ አይለንም። የአገር ኮታውን ያስቀረው የኢሚግሬሽን ሕግ የወጣው በ1965 ነው፤ ጥቁሮች በዱላና በውሻ እየተሳደዱ የታገሉለት የመምረጥ መብት ሕግ በወጣበት በዚያው ዓመት። እነሱ ተደብድበው በከፈቱት በር ገብተን «ሰነፎች ናቸው» እንላለን። ፖሊስ መንገድ ላይ ልጄን ሲያስቆመው አያቱ የጎንደር ሰው መሆናቸውን አይጠይቀውም።

ዝምድናውም አዲስ አይደለም። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት እዚያው አጠገብ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ያገቡትም ጥቁር አሜሪካዊት ነበር። ጣሊያን ሲወረን ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን ከቺካጎ መጥቶ ለኛ አብራሪ ሆኗል። (የአድዋ ቲሸርት ስንለብስማ ሁላችንም የጥቁር ሕዝብ ኩራት ነን።)

አሁን ኪራዩ ተራውን የኛን ሰው እያስለቀቀ ነው። ከዲሲ ወጥተው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ ቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የሄዱትን ዘገባችሁ «ንግዳቸውን አስፋፉ» ብሏቸዋል። የአማቴ ጎረቤቶችም ተራ በተራ ሜሪላንድ፣ ፒጂ (ፕሪንስ ጆርጅስ) ካውንቲ የገቡት እንዲሁ «ተስፋፍተው» ነው።

ማረሚያ እንድታወጡ እጠይቃለሁ። እንደኛ ሁለቱንም ወገን በአንድ ማዕድ የሚያስቀምጥ ቤተሰብ ዲሲ ውስጥ ጥቂት አይደለም፤ ከሬስቶራንት ባለቤት ሌላም ሰው አነጋግሩ። አማቴ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤት ናቸው። ጋዜጠኛችሁ ይምጣ፣ ምሳ አለ፣ እኔ አስተረጉማለሁ። እሳቸው ሰፈሩን ላሳየው ካሉ ግን ታክሲውን የምጠራው እኔ ነኝ።

የሁለት ልጆች እናት
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ